ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ለምትሞሉ የአዲስ አበባ ልጆች፦ መጀመሪያ ሄዳችሁ እዩት

የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካመጣችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። ቀላል ነገር አይደለም። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠ ጊዜ፣ ማለትም የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ፣ ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል የተለፋበትን ውጤት ይዞ ዩኒቨርሲቲውን በሰው ወሬ የሚመርጥ ልጅ ሳይ ሆዴ ይባባል።

አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ልደታ ያደገ ልጅ ብዙውን ጊዜ ልቡ እዚሁ ከተማው ላይ ነው። ክፍለ ሀገር ያሉትን ዩኒቨርሲቲዎች ጓደኛው የሞላውን አይቶ ይደረድራል፣ ወይም «እዛ ምግቡ አሪፍ ነው አሉ» ተብሎ ነው። ከዚያ ምደባው ሲወጣ ስሙን ብቻ የሚያውቀው ከተማ ይደርሰዋል። አራት ዓመት፣ ኢንጂነሪንግ ወይም ሕክምና ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚኖርበት ቦታ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንድ ነገር ለማለት ነው፦ ዩኒቨርሲቲውን ብቻ ሳይሆን ከተማውንም ምረጡ፣ ለመምረጥ ደግሞ ሄዳችሁ እዩት። እንዴት እንደሚደረግ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን እወቁ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። የመደበኛ ተማሪ ምደባውን የሚሠራው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ እናንተ ምርጫችሁን በደረጃ ትሞላላችሁ፣ እሱ ውጤታችሁንና የዩኒቨርሲቲዎቹን የመቀበል አቅም አይቶ ይመድባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ የመግቢያ ፈተናና ማመልከቻ አለው። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው። እነዚህን የምትፈልጉ ከሆነ የየራሳቸውን ማስታወቂያ ተከታተሉ፣ ቀኑ ካለፈ አለፈ ነው። እነሱን እየጠበቃችሁ የሚኒስቴሩን ምርጫ በግዴለሽነት እንዳትሞሉት። ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

ወሬ የምትሰሙበትን ቦታ አጥሩ። ቴሌግራም ላይ የሚኒስቴሩን ስምና ዓርማ ለጥፎ «ምደባ እናስተካክላለን» የሚል ሞልቷል። ምደባ በገንዘብ የሚያስተካክል ሰው የለም። የሚኒስቴሩን ትክክለኛ ገጽ ከትምህርት ቤታችሁ ጠይቃችሁ ያዙ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ሚኒስቴሩ እዚያው ነው፣ ግራ ሲገባችሁ በእግር ሄዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የጤና ችግር ያለበት ልጅ ወይም መንታ የሆኑ ልጆች ደግሞ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ለእንዲህ ያለ ሁኔታ የሚጠየቅ ማስረጃ አለ፣ በጊዜው ካልቀረበ በኋላ ለቅሶ ነው።

ዝርዝሩን ማጥበብ

አርባውን ሁሉ ማየት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ሦስት አራት አውጡ። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል እንድታስቡበት እመክራለሁ።

ከሁሉ በፊት ዲፓርትመንት። አንደኛ ዓመት ስትገቡ ፍሬሽማን ናችሁ፣ ሁሉም የሚወስዳቸውን የጋራ ኮርሶች ትወስዳላችሁ፣ ዲፓርትመንት የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካለው። ስለዚህ የምትፈልጉት ትምህርት እዚያ ከሌለ አሪፍ ውጤት ብታመጡም አይጠቅማችሁም። የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ ከፍታችሁ የዲፓርትመንቶቹን ዝርዝር አንብቡ። ውሃ ምህንድስና የሚፈልግ ልጅ አርባ ምንጭን ማየት አለበት፣ የዩኒቨርሲቲው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1986 የተከፈተው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ግብርናና እንስሳት ሕክምና የሚፈልግ ሐረማያን ቢያይ ነው የሚሻለው። በነገራችን ላይ ሁለቱም የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ስምንት ውስጥ ናቸው። «ትንሽ ከተማ ነው፣ ትምህርቱም ትንሽ ይሆናል» የሚል ዘመድ ካለ ይህን ንገሩት።

ቀጥሎ ካምፓሱ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ማለት አንድ ግቢ ማለት አይደለም። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጤና ተማሪ የሚማረው ሐረር ከተማ ነው፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ያለበት። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ወሊሶ ድረስ ካምፓስ አለው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ወልቂጤ ከተማ መሃል ሳይሆን ጉብሬ ነው፣ ከከተማው አሥር ምናምን ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ። ከተማውን አይታችሁ ካምፓሱን ሳታዩ እንዳትመለሱ።

ከዚያ አየሩ። ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት የሚጠብቃችሁ ውርጭ ነው። አርባ ምንጭ ቆላ ነው፣ ሙቀትና ወባ አለ፣ አጎበር የምር ያስፈልጋል። አስም ያለበት ልጅ፣ ሙቀት የማይስማማው ልጅ ይህን ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር አለበት።

ርቀትና የትራንስፖርት ገንዘብ ደግሞ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። አምቦና ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ ከ110 እስከ 130 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናቸው። ሐረማያ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አርባ ምንጭም እንደዚያው ሩቅ ነው። እናት በየወሩ ስንቅ ልትልክ ነው ወይስ በዓመት ሁለቴ ነው የምትገናኙት? አሁን ቁጭ ብላችሁ አውሩት፣ ምደባ ከወጣ በኋላ አይደለም።

መቼ ነው የሚኬደው

ውጤት ከወጣ በኋላ ምርጫ የሚሞላበት ጊዜ አጭር ነው። ክረምት ላይ ብትሄዱ ደግሞ መደበኛ ተማሪው አብዛኛው አገር ቤቱ ነው፣ ባዶ ግቢ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ጥሩው ጊዜ 11ኛ ወይም 12ኛ ክፍል እያላችሁ የመንፈቅ ዓመት እረፍት ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ዘንድ ትምህርት አለ፣ ተማሪው ግቢ ነው፣ ሁሉም እንዳለ ይታያል። የሥራ ቀን ይሁን። ቅዳሜና እሁድ ቢሮ ዝግ ነው፣ የፈተና ሳምንት ከሆነ ደግሞ የሚያወራችሁ ተማሪ አታገኙም።

ለመንገዱ አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ከመነሣታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሩ። ፌስቡክ ላይ አይደለም፣ መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌር ወይም ረዳት ጠይቁ፣ እዚያ የሚማር ልጅ ጋ ደውሉ። «ትንሽ ቆዩ» ካሉ ቆዩ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ታላቅ ወንድም፣ አክስት፣ ወይም ሁለት ሦስት ጓደኛ ሆናችሁ ሂዱ።

በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሆኑት አምቦ፣ ደብረ ብርሃንና ወልቂጤ ናቸው። ለደብረ ብርሃን ከአራት ኪሎ በመገናኛ አድርጋችሁ ላምበረት መናኸሪያ ትሄዳላችሁ። የሌሎቹን መነሻ አንድ ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ መናኸሪያ ይቀያየራል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ከሆናችሁ ረፋዱ ላይ ግቢው በር ላይ ናችሁ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ሳያልፍ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈሩ። በማታ መንገድ መመለስ የለም።

በሩ ላይና ግቢ ውስጥ

ጥበቃዎቹ መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ ይፈትሿችኋል። የትምህርት ቤት መታወቂያና ፋይዳ ያዙ። ዝም ብሎ መግባት አይፈቀድም፣ ስለዚህ ከተቻለ ከሦስት አራት ቀን በፊት እዚያ የሚማር ወይም የሚሠራ ሰው ፈልጉ። ሰፈር ውስጥ ጠይቁ እንጂ፣ የአንዱ እህት፣ የአንዱ የአጎት ልጅ አይጠፋም። ሰው ከሌላችሁ በሩ ላይ ቀጥ ብላችሁ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣነው፣ ዘንድሮ ምርጫ ልንሞላ ነው፣ ግቢውን ማየት ፈልገን ነበር፣ ሬጅስትራር ወይም የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ማንን እናናግር?» በሉ። ብዙ ጊዜ ስልክ ደውሎ የሚያስገባ ሰው ይገኛል። እምቢ ካሉ አትጨቃጨቁ። ከበሩ ውጭ ያለው ሰፈር ግማሹን ነገር ይነግራችኋል።

ግቢ ከገባችሁ ሕንፃ እያያችሁ ፎቶ ማንሳት አይደለም ሥራችሁ። የሚከተለውን ጠይቁ።

ውሃ። በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ዶርም በር ላይ ጀሪካን ተደርድሮ ካያችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ውሃ የሚጠፋበት ግቢ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ግን አውቃችሁ ግቡ።

ማታ የት ነው የሚጠናው? ተማሪዎች ስፔስ የሚሉትን የማንበቢያ ቦታ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ፣ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣ እንደሆነ። ለእኔ ከምግቡ ይልቅ ይሄ ይበልጣል። ፍሬሽማን ላይ ውጤታችሁ ከተበላሸ የፈለጋችሁትን ዲፓርትመንት አታገኙም፣ ውጤት የሚሠራው ደግሞ እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ክሊኒኩን እዩ፣ ማታ ሐኪም አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከበሩ እስከ ከተማው ስንት እንደሚያስኬድ በእግራችሁ ሞክሩት። ባጃጅ ማታ እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? ለሴት ልጅ መንገዱ እንዴት ነው? ይህን የምትጠይቁት ወንዶቹን ሳይሆን እዚያ የሚማሩ ሴቶችን ነው፣ አባቶችም ይህን ለሴት ልጃችሁ እናንተ ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ፣ እሷ ራሷ ከሴት ተማሪዎቹ ጋር ለብቻዋ ታውራ።

ምግብ ላይ ሁለት መንገድ አለ። ግቢ ካፌ መብላት፣ ወይም ነን ካፌ ሆኖ የምግቡን ገንዘብ ወስዶ ውጭ መብላት፣ ዩኒቨርሲቲው የሚፈቅድ ከሆነ። በር ላይ ያሉት ሽሮ ቤቶች ገብታችሁ ምሳ ብሉ፣ ዋጋውን እዩት፣ ከዚያ በወር ስንት እንደሚሆን እዚያው ወረቀት ላይ አስሉት። ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ባንክ፣ ቴሌብር የሚያወጣላችሁ ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ የት እንዳለ ደግሞ እግረ መንገዳችሁን ታያላችሁ።

ማንን መጠየቅ እንዳለባችሁ ልንገራችሁ። ተመራቂ አትጠይቁ፣ ሊወጣ ስለሆነ ሁሉም ነገር ያምርበታል። ፍሬሽም አትጠይቁ፣ ገና ናፍቆቱ አልወጣለትም። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት የሆነ፣ ከተቻለ ከአዲስ አበባ የሄደ ልጅ ፈልጉ። በር ላይ ጁስ ቤት ቁጭ ብላችሁ አንድ ጁስ ጋብዙት። «እንደገና ብትሞላ ይህን ትሞላለህ?» በሉት። መልሱን ከመስማታችሁ በፊት ፊቱን እዩ።

ሐረማያን እንደ ምሳሌ

እኔ የተማርኩት ሐረማያ ስለሆነ ስለሱ ረዘም አድርጌ ብናገር ቅር አይበላችሁ። እወደዋለሁ።

ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካው የኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ እገዛ የተጀመረ የግብርናና መካኒካል ጥበባት ኮሌጅ ነው። መጀመሪያ ጅማ ላይ ተከፈተ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዓለማያ ዞረ፣ ዛሬ ሐረማያ ወደምንለው። ከተማዋ ትንሽ ናት። ዩኒቨርሲቲው ከእሷ ወጣ ብሎ ራሱን የቻለ መንደር ሆኖ ነው ያለው፣ ዛፍ የበዛበት፣ የእርሻ ማሳ ያለበት ሰፊ ግቢ። በአንድ በኩል ድሬዳዋ በ40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሌላ በኩል ሐረር በ20 ኪሎ ሜትር ያህል። አየሩ ድሬዳዋን ሰምቶ የሚፈራ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ከፍታው 2,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ማታ ማታ ጃኬት ያስለብሳል።

ለጉብኝት በአንድ ቀን አይሆንም። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታችሁ፣ መስቀል አደባባይ አካባቢ ከሚነሡት የረጅም መንገድ አውቶቡሶች ተሳፍራችሁ፣ በአዳማ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ በጭሮ፣ በሂርና፣ በቁልቢ አድርጋችሁ ቀኑን ሙሉ ትጓዛላችሁ። አውቶቡስ ስትቆርጡ ልብ በሉ፦ ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ የድሬዳዋው ወደ ታች ይወርዳል፣ የሐረሩ ግን በሐረማያ በኩል ያልፋል። የሐረሩን ያዙ፣ ሐረማያ ላይ «ወራጅ አለ» በሉ፣ ከዚያ በባጃጅ ግቢው። ባቡርም አለ፣ ከለቡ ጣቢያ እስከ ድሬዳዋ፣ ግን የድሬዳዋው ጣቢያ ከከተማው የራቀ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለውን ትራንስፖርት አስቡበት። አቅም ያለው ቤተሰብ በአውሮፕላን ድሬዳዋ ወርዶ በሚኒባስ ይወጣል። በታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ግን፣ ለንግሥ ካልሆነ በቀር፣ በዚያ መንገድ አትሂዱ። መኪናው ይጨናነቃል፣ ማደሪያ አይገኝም።

የምታድሩት ሐረር ቢሆን ይሻላል። ማደሪያ አለ፣ ሐረርን የማየት ዕድልም ታገኛላችሁ፣ ጀጎልን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል። ጠዋት ተነሥታችሁ ወደ ሐረማያ ስትመለሱ አወዳይ ላይ የጫቱን ገበያ ታያላችሁ። እዚህ ጋ ለወላጆችም ለልጆችም በግልጽ ልናገር፦ ጫት በዚያ አገር በየደጁ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ፍሬሽማን እያሉ «ለጥናት ነው» ብለው ጀምረው ትምህርታቸውን የተዉ ልጆች አውቃለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ከራሳችሁ ጋር ጨርሱ።

ውሃውን ሐረማያ ላይ በተለይ ጠይቁ። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ ሳይቀር ውሃ ይሰጥ የነበረ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ደረቀ፣ የመስኖው፣ የደለሉ፣ የሕዝቡ ብዛት ተደማምሮ። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። የአካባቢው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ግቢ ውስጥ በአማርኛ ትግባባላችሁ፣ ገበያ ስትወጡ ግን «አካም ጅርቱ»፣ «ገለቶማ» ማለት የሚያውቅ ልጅ ሌላ ነው አቀባበሉ። ሰዉ ደግ ነው።

ሲሞላ

ቤት ስትመለሱ በዚያው ማታ ያያችሁትን ጻፉ፣ ካደረ ይጠፋል። ሞልታችሁ ስትልኩ ራሳችሁ ሙሉ። ኢንተርኔት ቤት ያለ ልጅ ፈጥኖ ይሞላል፣ ግን ሕይወቱ የእናንተ ነው እንጂ የእሱ አይደለም። የስም አጻጻፍ፣ ጾታ፣ የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መሆናችሁን፣ የምዝገባ ቁጥራችሁን አንድ በአንድ እዩ። ያያችሁትንና የወደዳችሁትን ከላይ አድርጉ፣ ያላያችሁትን ከታች። የመጨረሻዎቹን መስመሮችም ቢሆን «አይደርሰኝም» ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትሙሉ፣ ይደርሳል። ከላካችሁ በኋላ ስክሪኑን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። የይለፍ ቃላችሁን ለማንም፣ ለቅርብ ጓደኛም ቢሆን፣ አትስጡ። በሰው እጅ ምርጫው የተቀየረበት ልጅ አውቃለሁ።

ምደባ ወጥቶ ጥሪ ሲደረግ

ዩኒቨርሲቲው በራሱ ገጽ የምዝገባ ቀን ያወጣል። ከዚያ በፊት አትሂዱ፣ የሚቀበላችሁ የለም። በአብዛኛው የሚጠየቀው፦ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ፣ ፋይዳ፣ ከዚያ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ልብስ። ኮፒውን አዲስ አበባ ላይ ጨርሱ። የምዝገባ ቀን ግቢ በር ላይ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው። የወጪ መጋራት ቅጽ ስትሞሉ አንብባችሁ ፈርሙ፣ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ የምትከፍሉት ዕዳ ነው።

ማስታወቂያው ላይ የማይጻፉ ነገሮች አሉ፦ ጓጉንቸር ቁልፍ ለሎከር፣ ጀሪካንና ባልዲ (እዚያው ብትገዙ ይቀላል)፣ የእጅ ባትሪ፣ ረጅም ሽቦ ያለው ማከፋፈያ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ። ደብረ ብርሃን የሚደርሳችሁ ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ወፈር ያለ ጋቢ ግዙ። አርባ ምንጭ የሚደርሳችሁ ጋቢውን ትታችሁ አጎበር ያዙ። ገንዘብ በኪስ ብዙ አትያዙ፣ ባንክ ወይም ቴሌብር ላይ ይሁን።

አውቶቡሱ ላይ ሻንጣችሁ ፖርቶ መጋላ ወይም ታች ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይገባል። ሰነዶቻችሁን ግን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በትንሽ ቦርሳ እቅፋችሁ ላይ አድርጉ፣ ምሳ ለመብላት ስትወርዱም ይዛችሁት ውረዱ፣ ሬጅስትራር መስኮት ላይ እስክታደርሱ ድረስ ለማንም «ያዝልኝ» አትበሉ።